በፈረስ ሜዳ ሞተር ስማር፦ ከኅዳር እስከ ጥር

ኅዳር 3

ሞተሯ የታላቅ ወንድሜ ናት። ቦክሰር 150። እሱ ለሥራ ባሕር ዳር ስለሚከርም ቁልፏን ተወልኝ። ውላችን አጭር ነው፦ "የሰበርሽውን ታሠሪያለሽ።" እኔ ከዚህ በፊት የነዳሁት ብስክሌት ብቻ ነው። እሱም ልጅ ሳለሁ።

መንገድ ላይ አልጀምርም። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር የሚሄደው ዋና መንገድ እንጅባራን ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። አይሱዙው፣ ከሰል የጫነው መኪና፣ ባጃጁ፣ ጋሪው፣ አህያው፣ ሁሉም እዚያው ነው። ከነሱ መሃል ገብቼ ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀውን እጀታ) ልማር ብል እናቴ ዕድሜዋ ያጥራል። የሚያስፈልገኝ ዝግ ሜዳ ነው። በቪዲዮ የማየው ዓይነት የውድድር ትራክ በአካባቢው የለም። የፈረስ ሜዳ ግን አለ። እንጅባራ ነዋ፣ የፈረሰኞች አገር።

ጥቅምትን ሙሉ ዝናቡ አልለቀቀም ነበር። የኛ ቀይ አፈር ሲርስ ሳሙና ነው፤ በእግር እንኳ አያስኬድም። አሁን ጠጥሯል።

የገዛሁት፦ አዲስ ሄልሜት 2,200 ብር። ያገለገለ በ700 አግኝቼ ነበር፤ ተውኩት። አንዴ ወድቆ የተመታ ሄልሜት ውስጡ ያለው ፎም ተጨፍልቆ ይቀራል፤ ከላይ ሲያዩት ግን ምንም አይታወቅበትም። ወፍራም ጃኬት ከሰልባጅ ተራ 600። የግንበኛ የቆዳ ጓንት 250። ኖራ 120። ያረጁ 12 ጎማዎች ጎሚስታው በነፃ ሰጠኝ፣ "ስትጨርሺ መልሺ" ብሎ። ለጉልበቴ የወንድሜ ልጅ የእግር ኳስ መከላከያ አለ። እግሬ ላይ ሳስረው ያጥራል፤ ከምንም ይሻላል።

ኅዳር 5

አሠልጣኜ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። አሁን አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ በሞተረኝነት ይሠራል። "ቲቸር" ብሎ ይጀምርና አንቱ እያለ ይቀጥላል። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለ ፊዚክስ 45 ሰጥቼው ነበር። እንዳልረሳው ዛሬ ነገረኝ።

መጀመሪያ ያደረገው ቁልፉን ኪሱ መክተት ነው። ሞተሯ ጠፍታ ሜዳውን ግማሽ ሰዓት አስገፋኝ። ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ኋላ። ክብደቷ ከመቶ ኪሎ በላይ ነው። ቀጥ ብላ ስትቆም በሁለት ጣት ትያዛለች። ትንሽ ካዘመመች ግን አይመልሷትም። ይህን ያወቅኩት ጀርባዬ ሲንቀጠቀጥ ነው።

ከዚያ ፍሪሲዮን። ነዳጅ ሳልሰጥ ፍሪሲዮኑን ብቻ ቀስ አድርጌ እየለቀቅኩ እንድትሳብ ማድረግ። የሆነ ቦታ ላይ ትነቃለች፤ እዚያ ላይ እጅን ማቆም ነው። አንዲት የጣት ውፍረት ታህል ቦታ ናት። 23 ጊዜ ጠፋችብኝ። ቆጥሬያለሁ። ጠዋት ውርጭ ስላለ ሞተሯ እስክትሞቅ ቾክ ትፈልጋለች፤ ሳትሞቅ መጀመሬም አግዞኛል፣ ለመጥፋት።

ኅዳር 11

መውደቅ ቁጥር 1። ቆሜ ማለት ይቻላል። በእግር ከሚሄድ ሰው አልፈጥንም ነበር። መሪውን ወደ ግራ እንዳጠፍኩ የፊት ፍሬኑን ጨበጥኩት። ሞተሯ ወደ ግራ ተኛች፣ እኔም አብሬ።

"ቲቸር ቀስ ይበሉ፣ ቀስ ይበሉ... ልቀቂው! ልቀቂው አልኩሽ!" አንቱታው የጠፋው ያኔ ነው። ከተነሳሁ በኋላ ተመለሰ።

የፍሪሲዮኑ እጀታ ተሰበረ። አዲስ 350 ብር። መካኒኩ ሲገጥምልኝ ብሎኑን እስከ መጨረሻው አላጠበቀውም። በእጅ ኃይል እንዲዞር አድርጎ ነው የተወው። ስወድቅ እጀታው በቦታው ይዞራል እንጂ አይሰበርም። ሁለተኛው ውድቀቴ ላይ በትክክል እንዳለው ሆነ። ስፖኪዮዎቹንም በዚያው ፈታኋቸው። ሜዳ ላይ ከኋላዬ የሚመጣ ላም ብቻ ነው።

ለራሴ፦ ከመቆም በፊት መሪ ቀጥ። በዝግታ ስትሄጂ የኋላ ፍሬን።

ኅዳር 19

ዙሩን ሠራሁ። 20 ሜትር ገመድ፣ ችካል፣ በኖራ የተቀቡ ጎማዎች። ሁለት ቀጥታ 50 50 ሜትር፣ ጫፍና ጫፉ ላይ 10 ሜትር ራዲየስ ያለው ግማሽ ክብ። አንድ ዙር 163 ሜትር። ለፈረስ ይጠባል፣ ለኔ ይሰፋል።

አንድ ችግር አለ። ከሁለተኛው ኩርባ ውጪ፣ 5 ሜትር ያህል ራቅ ብሎ፣ የባሕር ዛፍ ጉቶ አለ። ሜዳው ሙሉ አንድ ጉቶ ነው ያለው።

ኅዳር 24

በዚህ ሁሉ ባዶ ሜዳ ሦስቴ ወደ ጉቶው ነዳሁ። ሦስተኛው ላይ ከጎኑ አንድ እርምጃ ሲቀረኝ ቆምኩ። አሠልጣኜ ሳቁን መያዝ አቃተው።

ጋሼ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ከብቶቹን ሊያይ መጥቶ ቆሞ ይመለከት ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ፈረስ ላይ ያለ ሰው ነው። ስለ ሞተር የሚያውቀው ፈረሱን እንደምታስበረግግ ብቻ ነው። ጠራኝና "ምኑን ነው የምታይው?" አለኝ።

"ጉቶውን። እንዳልገጨው።"

"እኮ! ያየሽው ላይ ትሄጃለሽ። በፈረስ ጆሮና ጆሮ መሃል አሻግረሽ ነው የሚታየው። መሄጃሽን እይ፤ ጉቶውን እኔ አይልሻለሁ።"

ሞኝ ምክር መሰለኝ። ግን ሠራ። ኩርባው ውስጥ ከመግባቴ በፊት አገጬን አዙሬ የመውጫውን ጎማ ማየት ጀመርኩ። አንገቴን ያመኛል፤ ሞተሯ ግን ትከተላለች። ለምን እንደሆነ ሳስብ፣ እጅ ዓይን ያረፈበትን ተከትሎ ነው የሚጫነው። በዝግታ ብቻ ሳይሆን በፍጥነትም ያው ነው። ፕሮፌሽናሎቹም የሚወጡበትን እንጂ የሚፈሩትን እንዳያዩ ነው የሚሠለጥኑት።

ታኅሣሥ 2

የጋሼ ምክር ገደብ ደረሰ። "ወደ ቀኝ ስትፈልጊ ልጓሙን ወደ ቀኝ ሳቢ" አለኝ። በዝግታ ልክ ነው። ከ20 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ ስሆን ግን መሪውን ወደ ቀኝ ለማዞር ስሞክር ሞተሯ ወደ ግራ ሄደችብኝ። ደነገጥኩ። አሠልጣኜን ብጠይቀው "እኔ እንጃ ቲቸር፣ እኔ ዝም ብዬ ነው የምነዳው" አለ። ብዙ ዓመት የነዳ ሰው ሰውነቱ የሚያውቀውን አፉ አያውቀውም።

ማታ ቁጭ ብዬ ሣልኩት። ፊዚክስ አስተማሪ ሆኜ ይህን በመንገዳገድ መማሬ ያሳፍራል። የቀኙን እጀታ ወደ ፊት ስገፋ የፊት ጎማው ለቅጽበት ወደ ግራ ይዞራል። ጎማዎቹ ከሥሬ ወደ ግራ ይወጣሉ። እኔና ሞተሯ ወደ ቀኝ እናዘማለን። ያዘመመ ባለ ሁለት ጎማ ወዳዘመመበት ይታጠፋል። ስለዚህ ወደ ቀኝ ለመሄድ ቀኙን መግፋት። የልጓም ተቃራኒ።

ጠዋት በቀጥታው ላይ ሞከርኩት። 30 ላይ፣ ጣቶቼን ዘርግቼ በመዳፌ ብቻ ቀኙን ነካ። ወደ ቀኝ። ግራውን ነካ። ወደ ግራ። ልክ እንደ ቤተ ሙከራ። ከዚያ ወዲህ ክንዴ አልደነዘዘም። እስከ ዛሬ ከሞተሯ ጋር ስታገል ነበር የቆየሁት።

ለጋሼ ነገርኩት። "ታዲያ ይህ ምን እንስሳ ነው!" ብሎ ሄደ።

ታኅሣሥ 8

የሳምንቱ ስህተት የኔ ነው፣ ሙሉ በሙሉ። ቪዲዮ አይቼ ሁለት ነገር ለወጥኩ።

አንደኛ፣ ትራክ የሚነዱት የጎማ ንፋስ ይቀንሳሉ ሲባል ሰማሁ። ቀነስኩ፤ ከ28 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ወደ 14። እነሱ የሚቀንሱት አስፋልት ላይ ነው፣ ጎማው ሲግል ንፋሱ ስለሚጨምር፤ ጎማቸውም ለዚያ የተሠራ ነው። የኔው ካላማዳሪያ ያለው ተራ ጎማ ነው። የደረቀ የጋሪ መሄጃ ቦይ ላይ ስወጣ ቸርኬውና መሬቱ ካላማዳሪያውን መሃል አድርገው ነከሱት። ጎሚስታው ከፍቶ አሳየኝ፦ ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን፣ እባብ የነደፈው ይመስላል። "ይህ ሚስማር አይደለም፤ ንፋስ የለሽም ነበር" አለኝ። ተለጥፎ አያስተማምንም ስላለ አዲስ ካላማዳሪያ 550፣ የእጅ 150።

ሁለተኛ፣ ሰውነቴን ከመቀመጫው አውጥቼ ጉልበቴን ወደ ውስጥ ዘረጋሁ። ሞቶጂፒ (የዓለም የሞተር ውድድር) ላይ ከ60 ዲግሪ በላይ ሲያዘሙ እንደሚያደርጉት። እኔ ያለሁት አቧራ ላይ፣ ምናልባት 20 ዲግሪ ላይ ነኝ። የፊት ጎማው ሸተት አለ። መውደቅ ቁጥር 3። ክርኔ ተላጠ፣ ጃኬቱ ተቀደደ። (ቁጥር 2 ስለማይረባ በዝርዝር አልጻፍኩትም፤ ማቆሚያውን ሳላወርድ ነው የወረድኩት።)

አስፋልት ላይ ሰውነትን ወደ ውስጥ ማውጣት ይጠቅማል፤ ሞተሯ ያነሰ ካዘመመች ጎማው መሬት የመያዝ አቅሙ ይተርፋል ማለት ነው። ልቅ አፈር ላይ ግን ተቃራኒው ነው። ሞተሯን ከሥርሽ ታዘሚያታለሽ፣ አንቺ ቀጥ ብለሽ ትቀመጫለሽ፣ ክብደትሽን በውጪው እግር መርገጫ ላይ ትጥያለሽ። የአፈር ውድድር የሚነዱት የውስጥ እግራቸውን ዘርግተው የውጪ ክርናቸውን ከፍ የሚያደርጉት ለዚህ ነው። ሲንሸራተት ከላዩ መሆን ይሻላል፣ ከጎኑ አይደለም።

ታኅሣሥ 15

ፍሬን ብቻ። ሙሉ ሳምንት። በጣም የምወደው ሳምንት።

ነጭ ጎማ ላይ ስደርስ እይዛለሁ፣ የቆምኩበትን አሠልጣኜ በገመድ ይለካል። እያንዳንዱን አምስት አምስት ጊዜ። የወጣው መካከለኛ ይህ ነው፦ ከ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ የኋላውን ፍሬን ብቻ ስይዝ፣ 14 ሜትር። ከ30 በሁለቱም ፍሬን 9 ሜትር። ከ20 በሁለቱም 4 ሜትር። ከ40 በሁለቱም 17 ሜትር።

የመጨረሻዎቹን ሁለት አሠልጣኜ ራሱ ጽፎ ቆየና "ቲቸር፣ ፍጥነቱ እጥፍ ነው፣ ርቀቱ ለምን አራት እጥፍ ሆነ?" አለኝ። ጉልበት በፍጥነት ስኩዌር ነው የሚያድገው። አሥራ አንደኛ ክፍል አስተምሬው ነበር። አሁን ገባው። እኔንም አሁን ነው የገባኝ ብል ውሸት አይሆንም፤ ሰሌዳ ላይ ስጽፈው ሆዴን አይጨብጠኝም ነበር።

የፊት ፍሬን እፈራ ነበር፣ ከኅዳር 11 ጀምሮ። ሲይዙት ክብደቱ ወደ ፊት ጎማ ያጋድላል፤ ስለዚህ አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው እሱ ነው። ችግሩ ክብደቱ ሳይደርስ በድንገት ሲጨብጡት ነው፤ አፈር ላይ ጎማው ይቆልፋል፣ የቆለፈ የፊት ጎማ አይመራም። አሠልጣኜ የነገረኝ ከቪዲዮው ሁሉ በለጠ፦ "ቲቸር፣ ላም ሲያልቡ ጡቷን ይመነጭቃሉ እንዴ?" ጣት በጣት፣ ቀስ እያሉ እየጨመሩ። አልቤ አውቃለሁ። ገባኝ።

በሳምንቱ መጨረሻ የኋላ ፍሬኑ መፋጨት ጀመረ። የፍሬን ሸራ 450፣ ማስገጠሚያ 150።

ታኅሣሥ 20

ሞተሯ ደከመች። ነዳጅ ስሰጣት ታፍናለች፣ ማርሚታው ጥቁር ይተፋል። መካኒኩ ካንዴላውን አወጣው፤ ጥላሸት ለብሷል። ቤንዚን በዝቶባታል። ማደያ ሰልፍ ስለነበር በሀይላንድ የገዛሁት ቤንዚን ነው ብዬ ጠርጥሬ ነበር። እሱ ግን ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቦራቶሩ ነው አለኝ። እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ባሕር ወለል ላይ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቦራቶር እዚህ ሲመጣ ቤንዚኑ ያው፣ አየሩ ያነሰ ይሆናል። ወንድሜ ሞተሯን ያመጣት ከቆላው፣ ከመተማ በኩል መሆኑን ያኔ አስታወስኩ። ካንዴላ 180፣ ማስተካከያ 200። ተሻላት። የሩቡን ጉልበት ግን ማንም አይመልሰውም። ለጀማሪ እሱም አይከፋም።

ታኅሣሥ 26

ተጣላን። ከፈረሰኞች ጋር።

ጥር 23 የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ነው። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ በዓሉ በዓድዋ ዘመቻ ፈረስ የዋለውን ውለታ ይዘክራል። ስለዚህ ከአሁን ጀምሮ ሜዳው ልምምድ ነው። ዛሬ ከኩርባው ስወጣ ነዳጅ ሰጠሁ፣ አንድ ዳማ ፈረስ በረገገ፣ ጋላቢው ጋማ ይዞ ተረፈ። ሽማግሌዎቹ ተቆጡ። ልክ ናቸው።

ጋሼ ገብቶ አስታረቀ። ጠዋት የፈረስ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የኔ። ፈረስ ሜዳው ውስጥ ከገባ ሞተር ይጠፋል፤ በፎሌ (ማርሽ ሳትገባ እየሠራች) ማቆም ሳይሆን ቁልፍ መንቀል። ጥር 20 ጓዜን አነሳለሁ። ከሰዓት ንፋስ አለ፣ አቧራው ዓይን ይገባል። ቢሆንም ሜዳው የነሱ ነው።

ጥር 5

ከገና በኋላ በስልክ ሰዓት መያዝ ጀመርኩ። 163 ሜትር።

የመጀመሪያው ቀን በተቻለኝ ፍጥነት፦ 30 ሰከንድ። ላብ በላብ። ኩርባው ውስጥ በፍጥነት እገባለሁ፣ መሃሉ ላይ እፈራለሁ፣ ፍሬን እይዛለሁ፣ ሞተሯ ቀጥ ትልና ሰፍታ ትወጣለች። ጉቶው ወዳለበት።

ሁለተኛው ቀን መንገዱን ቀየርኩ። ከውጪው ጠርዝ መግባት፣ ፍሬንን ቀጥታው ላይ ጨርሶ መልቀቅ፣ የውስጠኛውን ጎማ ከመሃሉ አለፍ ብሎ መንካት፣ ከዚያ እየሰፉ መውጣት። በዝግታ የገባሁ መስሎኝ፣ እንዲያውም ሰነፍኩ ብዬ፣ 27 ሰከንድ። ማመን አቅቶኝ ደገምኩት። 27። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ቀድሜ ስለተረጋጋሁ ቀድሜ ነዳጅ እሰጣለሁ፣ ቀጥታው ሁሉ ይፈጥናል። ውስጠኛውን ጎማ ቶሎ የነካሁ ጊዜ ግን መውጫው ላይ ቦታ ያልቅብኛል። ዘግይቶ መንካት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ዓይን ጎማውን ሲያይ እጅ ይቸኩላል።

ወደ ቀኝ መታጠፍ አሁንም ያስቸግረኛል። ዙሩን በቀኝ ስዞር 29 ሰከንድ ነው። የቀኝ እጄ ነዳጅም ፍሬንም ስለያዘ ይመስለኛል፤ መግፋት ሲጨመርበት ሦስት ሥራ ይሆንበታል። ለዚህ መድኃኒት አላገኘሁም፤ ስምንት ቁጥር እየሠራሁ ነው፣ ቀን ሃያ ሃያ።

ጥር 13

ጥምቀት አለፈ። ወጪውን ደመርኩ፦ ልብስና ዕቃ 3,170፤ እጀታ 350፤ ካላማዳሪያ 700፤ ሸራ 600፤ ካንዴላና ማስተካከያ 380፤ ቤንዚን 14 ሊትር ገደማ፣ 1,120። ድምር 6,320 ብር። አሠልጣኜ ገንዘብ አልቀበልም አለ። እንጀራ በዶሮ ሁለት ጊዜ በልቷል። ወጪ ውስጥ አልገባም።

ለመንጃ ፈቃድ ተመዝግቤያለሁ። እሱ ሳይወጣ ዋና መንገድ የለም። ሰንሰለቷ ላልታለች፣ ከዚያ በፊት ትስተካከል።

ጥር 20

የመጨረሻው ቀን። የቀኙ ዙር 28 ሰከንድ ሆነ።

ጋሼ "እስቲ ከኋላ ልቀመጥ" አለ። ሄልሜቱን ሰጠሁት፣ እኔ በሻሽ። በሁለተኛ ማርሽ፣ ከ15 ሳላልፍ፣ አንድ ዙር። ክብደቱ ሲጨመር ፍሬኑ እንደሚረዝም ስለማውቅ ገና ከሩቅ ነው መያዝ የጀመርኩት። ጉቶው ጋ ስንደርስ ጀርባዬን መታ መታ አደረገና "አታይው" አለኝ። አላየሁትም ነበር። እሱ ነው ያየው።

ጎማዎቹን ለጎሚስታው ልመልስ ቆጠርኩ። አሥር። ሁለቱን ወደ ከተማ ስመለስ አገኘኋቸው፤ ኖራቸው እንዳለ ነው፣ ሁለት ልጆች በዱላ እየመቱ ቁልቁለቱን ሲነዷቸው።

እንደሱ ሲነዱ ወደ ጉቶ አይሄዱም። ጎሚስታውን "አሥር ነው" ብዬ ይቅርታ ጠየቅኩ።